ኤኤንአር ምንድን ነው? ሳይከስሩ የአብራሪ ሄድሴት ለመግዛት

ለመዝናናት መብረር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የራሱ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሄድሴት፣ ማለትም ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ነው። አውሮፕላኑን ይከራያል፤ የሌላ ሰው ላብ የጠጣ ስፖንጅ ጆሮው ላይ መለጠፍ ግን ቶሎ ይሰለቸዋል። ከዚያ ዋጋ ማየት ይጀምራል። አንደኛው ተራ ነው። ሌላው ላይ «ኤኤንአር» ተጽፎበታል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የተራውን ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ፊደላት ምን ቢሠሩ ነው ይህን ሁሉ የሚያስከፍሉት?

ባጭሩ፣ ኤኤንአር (በእንግሊዝኛ Active Noise Reduction) ጩኸትን በጩኸት ማጥፋት ነው። በጆሮ ሽፋኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማይክ አለች። ሾልኮ የገባውን ድምፅ ትሰማለች፤ ኤሌክትሮኒክሱ ደግሞ የዚያኑ ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ሠርቶ በስፒከሩ ይለቃል። አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ስለሚል ይጠፋፋሉ። አማር ቦዝ የሚባሉት መሐንዲስ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ አየር መንገዱ በሰጣቸው ማዳመጫ ሙዚቃ ሊሰሙ ቢሞክሩ ጩኸቱ ዋጠባቸው፤ እዚያው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሒሳቡን መሥራት ጀመሩ። በ1986 ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር በቮየጀር አውሮፕላን ሳያርፉና ነዳጅ ሳይሞሉ ዓለምን ሲዞሩ የቦዝ የሙከራ ሄድሴቶች አብረዋቸው ነበሩ። ለአብራሪዎች ገበያ ላይ የዋለው ግን በ1989 ነው።

አንድ ነገር ግን ሻጩ ጮክ ብሎ አይነግራችሁም። ኤኤንአር ጎበዝ የሆነው በወፍራም ድምፅ ላይ ነው። ሒሳቡን እንየው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2400 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 40 ዙር ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሲሊንደር ስለሚተኩስ በሰከንድ 80 ምት ማለት ነው። ባለ ሁለት ምላጩ ፕሮፔለርም ያንኑ 80 ያመጣል። ደረት ውስጥ የሚገባው ያ «ህምምም» የሚለው ነገር እሱ ነው። ስፖንጅና ፕላስቲክ ደግሞ በጣም የሚሸነፉት በእንዲህ ዓይነቱ ድምፅ ነው። ቀጭኑን ድምፅ፣ በበር ክፍተት የሚያፏጨውን ነፋስ የመሳሰለውን፣ አሁንም የሚያቆመው ስፖንጁ ነው። ስለዚህ የትኛውም ሄድሴት ቢሆን፣ ውዱም ጭምር፣ ጆሮ ላይ በደንብ ካልገጠመ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ቀረ።

ተራው፣ ፓሲቭ የሚባለው፣ ሥራውን የሚሠራው በመግጠም ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤንአርአር» የሚል፣ ሄድሴቱ ምን ያህል ጩኸት እንደሚቀንስ የሚናገር ቁጥር ታያላችሁ፤ ለምሳሌ አረንጓዴው የዴቪድ ክላርክ ሄድሴት፣ ኤች10-13.4 የሚባለው፣ 23 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ይላል። ይህ የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ መነጽር ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጆሮ ሽፋኑን በጣታችሁ ከጉንጫችሁ ቀና አድርጉት፤ ጩኸቱ ገንፍሎ ሲገባ ትሰማላችሁ። ወፍራም የመነጽር እጀታም ያንኑ ነው የሚያደርገው፣ ጣቱን ሳያነሳ ሙሉ በረራውን። ቀጭን እጀታ ያለው መነጽርና የጄል ትራስ ያለው ሽፋን ብዙ ያስታርቃሉ። ሌላው፣ ኤንአርአር የኤኤንአሩን ሥራ አይለካም፤ ሁለቱን ዓይነት በዚህ ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ታዲያ ፓሲቭ ለጆሮ ይበቃል? በኔ ግምት፣ በወር ሁለት ሦስት ሰዓት ለሚበር ሰው፣ በደንብ ከገጠመ፣ አዎ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ጥናት ተቋም 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅድና በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱን በግማሽ ይቆርጣል። 94 ላይ የተረፈው 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ የትንሽ አውሮፕላን ኮክፒት ደግሞ እዚያ አካባቢ መድረስ አያቅተውም። ከዚህ ላይ 15 እንኳ ቢቀነስ ትልቅ ነገር ነው። ኤኤንአር የሚጨምርላችሁ በዋናነት ዕረፍት ነው። ከሦስት ሰዓት በረራ በኋላ ጭንቅላታችሁ ድቤ ሲመታበት የዋለ አይመስልም። ረጅም ጉዞ የምትወዱ ከሆነ አጠራቅሙና ግዙት፣ አያስቆጭም። ባትሪው ሲያልቅ ግን ተራ ሄድሴት ይሆናል፤ አንዳንዱ ጭንቅላት ላለመጭመቅ ላላ ተደርጎ ስለሚሠራ እንዲያውም ከተራ ሊያንስ ይችላል። መለዋወጫ ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ኪስ ከጠበበ እኔ የምመርጠው ያገለገለ ግን ጥሩ ፓሲቭ ገዝቶ የጆሮ ትራሱንና የማይኩን ስፖንጅ መቀየር ነው። ፕላስቲኩ አያረጅም ማለት ይቻላል፤ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው ትራሱ ነው። ስትገዙ ገመዱን መሰኪያው አጠገብ እያጠፋችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ተዉት። መሰኪያዎቹ ሁለት ናቸው። ወፍራሙ፣ 6.3 ሚሊሜትር ገደማው፣ ለጆሮ ነው፤ ቀጠን ያለው 5.2ቱ ለማይክ። አንድ መሰኪያ ብቻ ካያችሁ ለሄሊኮፕተር የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ሞኖና ስቴሪዮ የሚቀያይር ማብሪያም ፈልጉ፤ ስቴሪዮ ሄድሴት ሞኖ አውሮፕላን ላይ ሲሰካ አንድ ጆሮ ብቻ ሊሰማ ይችላል፣ ሰውም ሄድሴቱ የተበላሸ ይመስለዋል።

«ቤት ያለኝ ጩኸት የሚያጠፋ የሙዚቃ ማዳመጫስ?» የሚል አይጠፋም። ለአውሮፕላኑ ሬዲዮ የሚሆን ማይክም መሰኪያም የለውም። አስማሚ ማይክ ይሸጣል፣ እሱም ተጨማሪ ወጪ ነው።

የመጨረሻው ነገር ክብደት ነው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ይመቻል። አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ቆዩ፣ መነጽራችሁንም አትርሱ፣ ማይኩንም ከንፈር ሊነካ ምንም እስከማይቀረው አስጠጉት። አናት ላይ አንዲት ነጥብ መቆጥቆጥ ከጀመረች ሌላ ሞክሩ፤ ያቺ ነጥብ በሁለተኛው ሰዓት ሬዲዮውን እንኳ በቅጡ አታሰማችሁም።