የቸርኬ ኦፍሴት ምንድን ነው? ትልቅ ጎማ ለማስገጠም ላሰበ ሰው

መኪናውን ለገጠር መንገድ ከፍ ማድረግ የፈለገ ሰው ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቁጥር ጎማ ይገባለታል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የመልሱ ግማሽ የሚገኘው በጎማው ላይ ሳይሆን በቸርኬው፣ ማለትም ጎማው በሚለብሰው ክብ ብረት ላይ በተቀረጸ አንድ አነስተኛ ቁጥር ላይ ነው። ይህ ቁጥር ኦፍሴት ይባላል።

ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከመኪናው ጋር በቡሎን ከሚታሰርበት ገጽ አንሥቶ እስከ ቸርኬው ወርድ እኩሌታ ድረስ ያለው ርቀት ሲሆን፣ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። የሚታሰርበት ገጽ ልክ በወርዱ እኩሌታ ላይ ከዋለ ኦፍሴቱ ዜሮ ነው። ገጹ ከእኩሌታው ወደ ውጭ ካለፈ ፖዘቲቭ ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል። ወደ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ኔጌቲቭ ይባላል፤ ጎማውም ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙዎችን ግር የሚያሰኘው ይህ መገላበጡ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ይበልጥ ወደ ውጭ ይወጣልና። በብዙ ቸርኬዎች ላይ ከቁጥሩ በፊት የሚታዩት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ «ኢቲ» ተብለው የሚነበቡት፣ ከጀርመንኛ የመጡ ናቸው፤ «ኢቲ 30» የሚለው ጽሑፍም ፖዘቲቭ 30 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ነገሩን በቶዮታ ሃይሉክስ እንመልከተው። ባለ 17 ኢንች ሃይሉክስ በተለምዶ ከፋብሪካ የሚመጣው 265/65 አር 17 ጎማ፣ ወርዱ 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ፖዘቲቭ 30 በሆነ ቸርኬ ላይ ተገጥሞለት ነው። 265 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 65 የጎማው ጎን ከፍታ ከወርዱ ስንት መቶኛ እንደሆነ ያሳያል፤ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ተሰልቶ ሲታይ የጎማው ሙሉ ቁመት 776 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ባለቤቱ በምትኩ 285/70 አር 17 ቢመርጥ ቁመቱ ወደ 831 ሚሊሜትር ያድጋል። ጭማሪው 55 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ሳለ መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው ግን በ27 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ቀሪው ግማሽ የሚጨመረው ከጎማው መካከል በላይ፣ ማለትም ወደ ፓራፋንጎው በኩል ነውና።

አሁን ወደ ኦፍሴቱ እንመለስ። አዲሱ ጎማ ከቀድሞው በ20 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ፣ ኦፍሴቱ 30 እንደሆነ ቢቆይ በውስጥም በውጭም 10 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ በውስጥ በኩል የፊት እግሩን ከላይ ወደሚይዘው ክንድ ይጠጋል ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ለመሸሽ፣ ብዙ ጊዜም ለቁመናው ሲል፣ ኦፍሴቱ ዜሮ የሆነ ቸርኬ ቢገዛ የጎማው ውስጠኛ ጎን ከቀድሞው በ20 ሚሊሜትር ይርቃል፤ ውጭኛው ጎን ግን 40 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል።

ይህ 4 ሴንቲሜትር መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሲታይ ምንም ጉዳት ያለው አይመስልም። ይሁን እንጂ መሪው ሲጠመዘዝ የፊት ጎማ ባለበት አይዞርም፤ ቅስት እየሠራ ነው የሚዞረው፤ ከመዞሪያው ዘንግ በራቀ መጠንም ቅስቱ ይሰፋል። ስለዚህ በጋራዡ ውስጥ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የነበረው ጎማ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሞላው ጉድጓድ ውስጥ ሲጨመቅ፣ ከፊት የፓራውልቱን ጥግ ከኋላም የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ሽፋን ሊፍቅ ይችላል። አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ባለ ነገር ላይ አውጥቶ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሙሉ በሙሉ ሳያዞሩ ገንዘብ መክፈል አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ከመፋቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በዓይን የማይታየው ጉዳት ነው። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ክብደቱ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው እንደ ረጅም ማንሻ ሆኖ ነውና ኩሽኔታውና ቴስቲኒው (የፊት እግሩ ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ቶሎ ያረጃሉ። አንደኛው ጎማ ድንጋይ ሲመታ ምቱ እስከ መሪው ድረስ ይሰማል፤ አንዱ ወገን አስፋልት ሌላው ጭቃ ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝም መኪናው ወደ ጎን መሳቡ ይብሳል። በቸርኬውና በመኪናው መካከል የሚገባው ስፔሰርም ያው ኦፍሴት ቀናሽ ነው፤ 25 ሚሊሜትር ስፔሰር ፖዘቲቭ 30 የነበረውን ፖዘቲቭ 5 ያደርገዋል።

ቁመቱም ዋጋ አለው። የ831 ሚሊሜትሩ ጎማ በአንድ ዙር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ መንገድ ስለሚሄድ፣ ቀድሞ በትክክል ይቆጥር የነበረ የፍጥነት መቁጠሪያ 100 ሲያሳይ መኪናው በ107 ይጓዛል፤ በዚያው ልክ ማርሹ ስለሚከብድ ሞተሩ ዳገት ላይ ይደክማል። በእኔ አስተያየት ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሃይሉክስ በፋብሪካው ቸርኬ ላይ 265/70 አር 17 መግጠም ይሻላል። ቁመቱ 803 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከመሬት በ13 ሚሊሜትር ከፍ ያደርጋል፤ ኦፍሴቱም አይነካም። ስኮርታውም (ትርፍ ጎማው) አብሮ መቀየር አለበት፤ ፊትና ኋላ በአንድነት በሚነዱበት ጊዜ ቁመታቸው የተለያየ ጎማዎች የኃይል ማስተላለፊያውን ያስጨንቁታልና።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ቁጥሩ በዝገት ወይም በቀለም ተሸፍኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ያን ጊዜ በሜትር መለካት ይቻላል። ቸርኬው ፊቱ ወደ መሬት ይደፋና በጀርባው ከከንፈር እስከ ከንፈር ቀጥ ያለ እንጨት ይጋደምበታል፤ ከእንጨቱ እስከሚታሰርበት ገጽ ያለው ጥልቀት ይለካል፤ ከዚያም ላይ ከንፈሮቹን ጨምሮ የተለካው የቸርኬው ሙሉ ወርድ እኩሌታ ይቀነሳል። ሙሉ ወርዱ 216፣ ጥልቀቱ 138 ከሆነ፣ ከ138 ላይ 108 ሲቀነስ ፖዘቲቭ 30 ይገኛል።