እርሳስን ከአፈር በኪሌተር ማጠብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ባትሪ ሲፈታበት የኖረ ጓሮ ጎመንና ሰላጣ ቢበቅልበትም በእርሳስ (ሊድ በሚባለው መርዛማ ብረት) ሊበከል ይችላል። ኪሌተር የሚባሉ ኬሚካሎች እርሳሱን እንደ ጉጠት ቆንጥጠው ከአፈሩ ያላቅቁና ወደ ውሃ ያወጡታል። የቀድሞው ኪሌተር ኢዲቲኤ ሳይበሰብስ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ የሚበሰብሱት ጂኤልዲኤና ኢዲዲኤስ ተመራጭ ሆነዋል።

«ኬሚካሉ ስለሚበሰብስ ብረቱም አብሮ ይጠፋል»

አይጠፋም። እርሳስን የሚፈጭ ተህዋስ የለም፤ የሚበሰብሰው ጉጠቱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በያዘው ብረት ይወሰናል፦ ኢዲዲኤስ እርሳስ ወይም ዚንክ ሲይዝ በቀላሉ ይፈርሳል፣ መዳብ ወይም ኒኬል ሲይዝ ግን በቀላሉ አይፈርስም።

«ማሳው ላይ ረጭቶ ለዝናቡ መተው ነው»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። እርሳስ በተፈጥሮው ከላይኛው አፈር ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ኪሌተር ሲነካው ግን ይሟሟል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ የተሟሟውን ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ አዌቱ ወንዝ ይወስደዋል። አፈሩ ተቆፍሮ በበርሜል ወይም ወፍራም ፕላስቲክ በተነጠፈበት ገንዳ ይታጠብ። እጣቢውም ቦይ ውስጥ አይደፋም፤ እርሳሱን በሶዲየም ሰልፋይድ ማዝቀጥ ይቻላል። ሰልፋይድ አሲድ ከነካው ገዳይ ጋዝ ስለሚወጣው ይህን ሥራ ለኬሚስት መተው ግድ ነው።

«መጠኑ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

መጀመሪያ በትንሹ ይሞከር። በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ 100 ግራም ደረቅ አፈር፣ 1 ሊትር ውሃና 47 በመቶ ጂኤልዲኤ ካለው ፈሳሽ 7.5 ግራም ይበቃል። እያናወጡ በ2፣ በ6 እና በ24 ሰዓት ናሙና መውሰድ ነው። አፈሩ በኪሎ 500 ሚሊ ግራም እርሳስ ካለው ኪሌተሩ በክብደት ሳይሆን በቅንጣት ብዛት (በሞል) ከእርሳሱ 40 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ሆኖም ሁሉም አይወጣም። የጅማ ቀይ አፈር በብረትና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሞላ በመሆኑ ጉጠቱ እነሱንም ይይዛል። ከተጣራ በኋላም ውሃው ሻይ ከመሰለ ኪሌተሩ የአፈሩን ብረት (አይረን) እያሟሟ ሊሆን ይችላል፤ ተጨማሪ መጨመር ብክነት ይሆናል።

ሂሳቡም ይታይ። 10 በ10 ሜትር መሬት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ወደ 24 ቶን አፈር ነው። በዚሁ ልክ ሲታጠብ 240,000 ሊትር ውሃና 1.8 ቶን ፈሳሽ ይፈጃል! ስለዚህ የሚታጠበው ባትሪው የተደፋበት ያ አንድ ጥግ ብቻ ነው።

«ሎሚም ያው ነው»፣ «ለሁሉም መርዝ ይሠራል»

ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችን ይይዛል፣ ግን ደካማ ነው። አርሴኒክንና ባለ 6 ቫለንስ ክሮሚየምን ጉጠቱ አይጨብጣቸውም።

«ከታጠበ ወዲያው ይዘራበታል»

የቀረው እርሳስ ከበፊቱ የላላ ሊሆን ይችላል፤ ካልሲየምና ዚንክም አብረው ታጥበዋል። በንጹህ ውሃ 3 ጊዜ አለቅልቆ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) በኖራ ወደ 6.5 ማድረስ፣ ከዚያም ኮምፖስት መቀላቀል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሰላጣ ለገበያ ሳይሆን ለላብራቶሪ ይቆረጥ።