ተርሚኔሽን ሬት ምንድን ነው?

«አሜሪካ ውስጥ ለመደወል አንድ ሳንቲም፣ ኢትዮጵያ ሲሆን ሃያ ሳንቲም! ያው በኢንተርኔት አይደል የሚሄደው? ዘረፋ ነው።» ስለ ኮሊንግ ካርድ፣ ማለትም ቀድሞ ተከፍሎበት ወደ ውጭ አገር ስለሚደወልበት ካርድ፣ ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚል አይጠፋም።

ወንድሜ፣ ድምፅህን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚያደርሰው መስመር በእርግጥም ርካሽ ነው፤ የደቂቃው ድርሻ ከቁጥር አይገባም። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን መጨረሻው ነው። በ251 የሚጀምረው ስልክ እንዲጠራ ጥሪውን ተቀብሎ የሚያደርሰው ኦፕሬተር በየደቂቃው የሚያስከፍለው ገንዘብ አለ፤ ተርሚኔሽን ሬት እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሞባይል ያለው ሰው ጥሪ ለመቀበልም ለራሱ ኦፕሬተር ስለሚከፍል አድራሹ ከደዋዩ ወገን የሚጠይቀው ኢምንት ነው። እኛ ዘንድ ግን ተቀባዩ ስለማይከፍል ሁሉም ከደዋዩ ወገን ይጠየቃል። ጭቅጭቁም የዛሬ አይደለም፤ የአሜሪካው የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ በ1997 እ.ኤ.አ. የአገሩ ድርጅቶች ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚከፍሉት በደቂቃ ከ23 ሳንቲም እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅቶ ነበር።

ተሳቢ መኪና አስብ። የመንገዱ ነዳጅ ለጭነቱ ሁሉ ሲካፈል ምንም አይደለም፤ ከተማው መግቢያ ያለው ኬላ ግን በየኩንታሉ ይቀርጣል። ከኬላው በታች እሸጣለሁ የሚልህ ወይ ሌላ ቦታ ያካክሰዋል፣ ወይ ኬላውን ዞሮ የሚገባ ኮንትሮባንዲስት ነው። ኮንትሮባንዱ ሲም ቦክስ ይባላል፤ ጥሪው በኢንተርኔት ገብቶ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ ይወጣል። የሚታወቀው በታርጋው ነው፦ እናትህ ስልክ ላይ የአንተ ቁጥር ሳይሆን የማታውቀው 09 ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 761/2004 ወንጀል ነው። ሲሙ ሲዘጋ መስመሩም አብሮ ይሞታል፤ ትናንት ጥሩ የነበረ ካርድ ዛሬ አልገባ ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ዘረፋውን ከፈለግከው ያለው ማጠጋጋቱ ላይ ነው፤ ግማሹን ኩንታል ሙሉ ብሎ መቁጠር። በደቂቃ 20 ሳንቲም ነው እንበል፤ 61 ሰከንድ አወራህ። በሰከንድ ከተቆጠረ 20 ሳንቲም ገደማ፣ በደቂቃ ከተጠጋጋ 40፣ በሦስት ደቂቃ ከተጠጋጋ 60። በዚህ ላይ ጥሪው በተገናኘ ቁጥር የሚቆረጥ 49 ሳንቲም የማገናኛ ክፍያ ጨምርበት፤ 1 ዶላር ከ9 ሳንቲም ሆነ። «25 ደቂቃ» የተጻፈበት የ5 ዶላር ካርድ አራት እንዲህ ያሉ ጥሪዎች ካስተናገደ በኋላ 64 ሳንቲም ይቀረዋል። በየሳምንቱ የሚቆረጥ «የአገልግሎት ክፍያ» ካለው ደግሞ እሷም ትሄዳለች። ካርዱን ለመጠቀም መጀመሪያ በሚደወለው መግቢያ ቁጥር ፈንታ በነጻው 800 ቁጥር ከገባህ ነጻነቱን የሚከፍለው ካርድህ ነው፤ የሰፈርህን መግቢያ ቁጥር ተጠቀም።

ስለዚህ ከደቂቃ ዋጋው በፊት ከካርዱ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብ፦ በስንት ሰከንድ ይጠጋጋል? የማገናኛ ክፍያው ስንት ነው? አንዳንዱ መስመር ደግሞ ስልኩ ሳይነሳ ገና ሲጠራ መቁጠር ይጀምራል፤ ይህን ማንም አይጽፍልህም። ቀሪ ሒሳብህን ስማ፣ እንደማይነሳ ወደምታውቀው ስልክ ደውለህ አስጠራ፣ ዝጋና እንደገና ሒሳቡን ስማ። ከቀነሰ ካርዱን ጣለው።