ሳራያኩ፦ ለነዳጅ እምቢ ያለው መንደር

ሳራያኩ በኢኳዶር የአማዞን ደን ውስጥ፣ ቦቦናሳ ወንዝ ዳር ያለ የኪችዋ ሕዝብ መንደር ነው። ነዋሪው 1,200 ገደማ ቢሆንም ይዞታው 135,000 ሄክታር ይደርሳል። የሚገባበት በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው።

መንግሥት በ1992 (ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመሬቱን ባለቤትነት አረጋግጦላቸዋል። በሕጉ ግን ከመሬቱ ሥር ያለው ሀብት የመንግሥት ነው። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው። በ1996 መንግሥት ሲጂሲ ከተባለ የአርጀንቲና ኩባንያ ጋር የነዳጅ ፍለጋ ውል ሲፈርም ነዋሪውን የጠየቀ አልነበረም። ኩባንያው ቆይቶ 60,000 ዶላርና 500 የሥራ ቦታ ይዞ ቀረበ። መንደሩ በ2000 በጠቅላላ ስብሰባ አልቀበልም አለ። ከዚያ የሕክምና ቡድን መጣ። ለመታከም መፈረም ነበረባቸው፤ ፊርማው ኋላ ላይ የድጋፍ ደብዳቤ ሆኖ እንደተገኘ ለፍርድ ቤት ተመስክሯል። ብልጠቱ ያስገርማል!

በ2002 መጨረሻ ፍለጋው በወታደር ጥበቃ ተጀመረ። ፍለጋ ሲባል ጉድጓድ ቆፍሮ ፈንጂ ማፈንዳት ነው፤ ከምድር ሥር የሚመለሰው ንዝረት ነዳጅ የት እንዳለ ይጠቁማል። ሳራያኩዎች የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ትምህርት ቆመ፣ እርሻው ተተወ። በወሰናቸው ላይ «የሰላምና የሕይወት ካምፕ» ያሏቸውን ሰፈሮች ተከሉ። ወንዱም ሴቱም፣ በየካምፑ ከ60 እስከ 100 ሰው እየሆኑ፣ ለወራት ጫካ ውስጥ ከረሙ። ስንቅ ሲያልቅ ከጫካው የተገኘውን በሉ። እንደ እኔ ነገሩ ያለቀው እዚያው ጫካ ውስጥ ነው። ኩባንያው በ2003 መጀመሪያ ሥራውን ሲያቋርጥ፣ የመንደሩ አቤቱታ ለኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (የአሜሪካ አህጉር አገሮች የጋራ ተቋም ነው) ገና አልገባም ነበር። የገባው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

ክሱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጀ። በሚያዝያ 2012 የኢንተር አሜሪካ ፍርድ ቤት ዳኞች ራሳቸው መንደሩ ድረስ ሄዱ። በፍርድ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ጉብኝት የመጀመሪያው ነበር። የመንግሥት ተወካይም እዚያው፣ በነዋሪው ፊት፣ ኃላፊነቱን አመነ። ሰኔ 27 ቀን ፍርድ ቤቱ መንግሥት ሕዝቡን ሳያማክር በመፍቀዱ ጥፋተኛ ነው አለ፤ 1.34 ሚሊዮን ዶላር ካሳም ወሰነ። ከ1,400 ኪሎ በላይ ፈንጂ ግን እዚያው ተቀብሮ ነበር። ፍርዱ እስኪሰጥ የወጣው 14 ኪሎ ብቻ ነው።

ፍርዱ ለጎረቤትም ተርፏል። በ2019 የዋኦራኒ ሕዝብ በዚያው በፓስታሳ ክፍለ ሀገር፣ በዚሁ «አልተማከርንም» በሚል ክርክር ረታ። በነሐሴ 2023 ደግሞ መላው አገር በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጠ። በኢኳዶር አማዞን ካለው ከያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ አንድ ክፍል ነዳጅ ማውጣት ይቁም ያለው 59 በመቶ ገደማ ነበር። እዚያ ካሉት 247 ጉድጓዶች የመጀመሪያው የተዘጋው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።