የጎልፍ «ሜዳ» ሜዳ አይደለም

ጥፋቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «የጎልፍ ሜዳ» ሲባል ብዙ ሰው ጃን ሜዳን ነው የሚያስበው፤ ዝርግ፣ ድንጋዩ የተለቀመ፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እይታ የሚያልቅ። ስለዚህ ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ካርታ ተዘርግቶ ስለ አዲስ የጎልፍ ሜዳ ሲወራ፣ ቡናው ሳይቀዳ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «ዶዘር ለስንት ቀን እንከራይ?» ጋራና ሸለቆ ያለበትን ቦታ «ውበቱን አይተን ነው የመረጥነው» ያሉት ሰዎች ራሳቸው፣ ሥራው ሳይጀመር ጋራውን ቆርጠው ሸለቆውን ሊደፍኑ ይነሣሉ።

«መጀመሪያ መደልደል አለበት።»

የለበትም። ከስሕተቶቹ ሁሉ ውዱ ይኸኛው ነው። ሙሉ ባለ 18 ሆል ሜዳ (ሆል ከመነሻ መምቻው እስከ ቀዳዳው ያለው አንድ የጨዋታ ክፍል ነው) ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ሄክታር ይፈልጋል። ከ60 ሄክታር ላይ በአማካይ 1 ሜትር ብቻ ቢቆረጥ 600,000 ሜትር ኩብ አፈር ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 37,500 ምልልስ ይሆናል፤ ያውም የተቆፈረ አፈር ላልቶ መጠኑ እንደሚጨምር ሳይቆጠር። በዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚገዛው ውሃ የማይወርድበት፣ ተጫዋች ሦስተኛው ሆል ላይ የሚሰለቸው መሬት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተከፈተው ሻዶ ክሪክ የተባለ የጎልፍ ሜዳ ዝርግ በረሃ ላይ ነው የተሠራው። ንድፍ አውጪው ቶም ፋዚዮ ብዙ አፈር ያስቆፈረው ኮረብታና ሸለቆ ለመፍጠር ነበር። እኛ በነጻ ያገኘነውን ገመገም ለማፍረስ ነዳጅ እናቃጥላለን። እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተው፣ አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ ያለው ሳንድ ሂልስ ሜዳ ደግሞ ስም ያተረፈው አፈሩ እምብዛም ባለመነካቱ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾ በአሸዋ ኮረብቶቹ መሃል እየተመላለሱ ከ130 በላይ ሊሆኑ የሚችሉ ሆሎችን ካርታ ላይ አሰፈሩ፤ ከዚያ 18ቱን መረጡ። ሥራው ፍለጋ ነው፣ ቁፋሮ ኋላ የሚመጣ ነው።

የመደልደል ጉዳት ወዲያው አይታይም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ክረምት ላይ ይወርዳል። ፌርዌይ፣ ማለትም ከመምቻው እስከ ቀዳዳው አካባቢ የተዘረጋው የታጨደ ሣር፣ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 በመቶ ተዳፋት ከሌለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ረግረግ ይሆናል። ዶዘሩ የላይኛውን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ከሥር ቀብሮ ጭንጫውን ያወጣዋል፣ ሣሩም ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉም የከፋው የተቆረጠውና የተሞላው መሬት የሚገናኙበት መስመር ነው፦ ሙሌቱ ይሰምጣል፣ ቁርጡ አይንቀሳቀስም፣ ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ በጣም አጥሮ የሚታጨደው ቦታ) መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ያለው ቱቦም አብሮ ይሰበራል። አፈሩ ኮትቻ ከሆነ፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለጎልፍ ሲሆን ግን ይረሳዋል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሰርቬየሩ በ1 ሜትር ልዩነት የኮንቱር ካርታ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በመስመር የሚያገናኝ) ያውጣ፤ ግሪን ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎች ላይ በግማሽ ሜትር። በካርታው ላይ ከ2 በመቶ በታች፣ ከ2 እስከ 10፣ ከ10 በላይ የሆነውን ተዳፋት በሦስት ቀለም ቀቡ። ከዚያ ከግሪን ጀምሩ፣ የመጀመሪያው ምት ከሚመታበት ከቲ አይደለም። የሚፈለገው ጋራው ወገብ ላይ እንደ ቤት መደብ የወጣ፣ ከ450 እስከ 600 ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ ነው። ባንዲራው የሚተከልበት ክፍል ተዳፋቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይሁን፤ ከ4 በመቶ ካለፈና ሣሩ አጥሮ ከታጨደ ኳሱ አይቆምም። ከግሪኑ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ኳሱ የሚያርፍበት ቦታ፣ በመጨረሻ ቲው ይወሰናል። ሁሉም በችካል መሬት ላይ ከታየ በኋላ ነው ማሽን የሚገባው፤ ያውም ግሪን፣ ቲና ማረፊያ ላይ ብቻ።

ፌርዌዩ ወደ ጎን ከ10 በመቶ በላይ ካዘነበለ ኳሱ ሁሉ የታችኛው ጠርዝ ላይ ይከማቻል። መፍትሔው አሁንም መደልደል አይደለም፤ ሆሉን ከተዳፋቱ ጋር ሰያፍ ማዞር ነው። ያ ካልተቻለ ማረፊያው ላይ ብቻ የላይኛውን ጥቂት ቆርጦ ለታችኛው መስጠት ይበቃል።

«ገደል ካለው፣ ንድፉ ራሱ ይወጣል።»

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ወገን ነው፤ ከዶዘረኞቹ ይልቅ ይወደዳል፣ ግን ያው ይሳሳታል። ከገደል ወዲያ ማዶ መምታት ፎቶ ላይ ያምራል። 120 ሜትር ብቻ የሚመታ ጀማሪ ግን ኳስ ገደል ሲጨምር ውሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለእሱ ወደፊት የቀረበ ቲ ወይም ሸለቆውን በጎን የሚዞር መንገድ ያስፈልጋል። ግሪን ከገደሉ አፍ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ ፈፋ በየክረምቱ ወደ ላይ እየበላ ይመጣልና ግሪኑ ከመሠራቱ በፊት የፈፋው ራስ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) እና በክትር ይያዝ፣ ከላይ የሚመጣውም ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ይዞር።

ከፍታው ደግሞ ሒሳብ አለው። በግምት 10 ሜትር ቁልቁል ሆሉን 10 ሜትር ያህል ያሳጥረዋል፣ 10 ሜትር አቀበት ያንኑ ያህል ያረዝመዋል። ስመ ጥሩ የአሜሪካ ሜዳ ኦጉስታ ላይ 10ኛው ሆል ከቲ እስከ ግሪን ከ30 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የተወረደው ግን መወጣት አለበት። ቸርችልን ቁልቁል መውረድ ደስ ይላል፤ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በእግሩ የሚወጣ ግን ፖስታ ቤት ጋ ሲደርስ ታክሲ ያማትራል። ስለዚህ ቁልቁሉን በአንድ ሁለት ሆል ውረዱት፣ አቀበቱን ለአራት ለአምስት ሆል አከፋፍሉት።

«ግሪን ማለት ጥሩ ሣር ነው።»

ሣሩ የመጨረሻው ነገር ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ደረጃ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይሄዳል፦ የተጠቀጠቀ መሠረት፤ በውስጡ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ፤ በቦዩ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳማ ቱቦ፣ ቢያንስ ግማሽ በመቶ ተዳፋት ይዞ፣ በየ5 ሜትሩ ወይም ከዚያ በጠበበ ርቀት፤ ከላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፤ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋማ ድብልቅ። ከክሬሸር ለኮንክሪት የሚቀርበው ወፍራም ጠጠር ከሥር ከገባ አሸዋው በክፍተቱ ሾልኮ ቱቦውን ይደፍናል። አሸዋው ካልታጠበ ደግሞ ጭቃው ውሃውን ይይዘዋል። ለመጀመሪያ ማጣሪያ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል፦ ሲሶውን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልቶ፣ በደንብ ነቅንቆ ማሳደር። ጠዋት ከአሸዋው አናት ላይ የተኛው ደለል በ10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ መኪናውን መልሱት። ካላለፈ ወደ ላቦራቶሪ ላኩት፤ ጠርሙሱ ላቦራቶሪን አይተካም።

«18 ካልሆነ ጎልፍ አይባልም።» ይባላል። አንጋፋው የስኮትላንድ ሜዳ ሴንት አንድሩስ ራሱ 22 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1764 ሆሎች ተዋህደው ነው 18 የሆነው። ቦታው ለ9 ከበቃ 9 ጥሩ ሆል ይሠራ።

«ከውጭ የመጣ ንድፍ በልኩ ይተከል።» መስቀል አደባባይ ራሱ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ከ8 እስከ 10 በመቶ ርቆ ይሄዳል። 220 ሜትር ላይ የተሣለው ባንከር (ኳስ የሚይዝ የአሸዋ ጉድጓድ) እዚህ ማንንም አይዝም፣ ለአጥር የተተወውም ርቀት አይበቃም። ከማረፊያው መሃል እስከ ድንበር 60 ሜትር ገደማ የተለመደ ነው፤ እዚህ ጨምሩበት። የቀበናን ወይም የግንፍሌን ሸለቆ ለሙሉ ሜዳ የሚመኙም ይህን ይለኩ፤ የሰው ጣሪያ ላይ ነው ኳሱ የሚያርፈው።

«ሰርዶ ይበቃል።» ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይተኛል። ለፌርዌይ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጁ ኪኩዩ ሣር ይሻላል። ግን ግሪን ውስጥ ሾልኮ ይገባልና ጠርዙ በየጊዜው በአካፋ ይቆረጥ።

«ዝናብ አለ፣ ውሃ አያሳስብም።» በበጋ አንድ ሄክታር በቀን 4 ሚሊ ሜትር ሲጠጣ 40 ሜትር ኩብ ነው። 25 ሄክታር ውሃ ከጠጣ 1,000 ሜትር ኩብ በቀን። ግሪንና ቲ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም 2 ሄክታር ገደማ፣ 80 ብቻ። የክረምቱን ውሃ የሚያቆር ረባዳ ቦታ ከንድፉ ጋር አብሮ ይመረጥ።

«ቦታ የሚታየው በበጋ ነው፣ መኪና ስለሚገባ።» ነሐሴ ላይ ቦት አጥልቆ መሄድ ነው የሚሻለው። ዝናብ ካባራ ከአንድ ቀን በኋላ ውሃ ቆሞ የተገኘበት ሁሉ ችካል ይመታበት፤ እዚያ ግሪን አይቀመጥም። ሰርቬየሩ መጥቶ ነጥቦቹን እስኪይዝ ድረስ ደግሞ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ችካሉን እንዳይነቅሉት አደራ ማለት ነው።