ዴሲቤል ምንድን ነው? የፋን ቁጥሮች ለምን አይወዳደሩም?

ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። «ኢንቴል የላሚናር አርኤም-1 ፋኑን ድምፅ 3.9 ይለዋል፤ ኤኤምዲ የሬይዝ ስቴልዝን 28። ስለዚህ የኢንቴሉ ሰባት እጥፍ ጸጥ ያለ ነው።» ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የሚመጡ ማቀዝቀዣ ፋኖች በተነሱ ቁጥር ይህ ስሌት አይቀርም። ከዚያ አራሚ ይመጣል፦ «3.9 እኮ ቤል ነው፤ አንድ ቤል 10 ዴሲቤል ስለሆነ 39 ዴሲቤል ነው። እንዲያውም ኤኤምዲ በ11 ይሻላል።» አራሚውም ተሳስቷል። የእሱ ስህተት ይብሳል፤ ትክክል ስለሚመስል።

የኢንቴሉ ቁጥር የድምፅ ኃይል ነው፦ ፋኑ በየአቅጣጫው የሚያወጣው ጠቅላላ። በዲቢኤ (ለጆሮ እንዲመች በተስተካከለ ዴሲቤል) የሚጻፈው አብዛኛው የፋን ቁጥር ግን የድምፅ ግፊት ነው፦ ማይክሮፎኑ ያለበት ቦታ ላይ የደረሰው ብቻ።

የቡና ከሰል አስቡ። ኃይል ማለት ምድጃው ላይ የሚነደው ከሰል ነው፤ የትም ብትቀመጡ እሱ ያው ነው። ግፊት ሰውነታችሁ ላይ የሚሰማው ሙቀት ነው። ጀበናውን የጣደችውና በሩ ሥር የተቀመጠው እንግዳ እኩል አይሞቃቸውም። አራሚው ያደረገው የአንዱን ምድጃ ከሰል መዝኖ፣ የሌላውን ምድጃ ሙቀት እንግዳውን ጠይቆ፣ ሁለቱን መልሶች መቀናነስ ነው። ምድጃው ግድግዳ ሥር ከሆነ ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የኮምፒውተር ድምፅም ከጠረጴዛው ይነጥራል። ምሳሌው የሚያነክሰው ቁጥሩ ላይ ነው፦ ሁለተኛ ምድጃ ሲጨመር ከሰሉ እጥፍ ይሆናል፤ ሁለት እኩል ፋኖች ግን በዴሲቤል ከ30 ወደ 33 ነው የሚሄዱት። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ደግሞ 10 ገደማ ሲጨመር ነው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን እርስ በርስ አካፍሎ «ሰባት እጥፍ» ማለት ከመነሻው ትርጉም የለውም።

39ን ወደ ግፊት እንቀይረው። ጠንካራ ወለል ላይ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ፣ በ1 ሜትር ርቀት 8 ይቀነሳል፤ 31 ይሆናል። ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ስንጠጋ 6 ይጨመራል፤ 37። ታዲያ ከ28 አጠገብ የምናስቀምጠው የትኛውን ነው? 28ቱ በስንት ርቀትና በደቂቃ በስንት ዙር እንደተለካ ካልታወቀ መልስ የለም።

ዙሩ ቀላል ነገር አይደለም። ያው ፋን ዙሩ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱንም በሙሉ ፍጥነት አስነስቶ ማወዳደር ከንቱ ነው፤ ሂትሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚቀበለው ብረት) ትንሽ የሆነው ፋን ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መሽከርከር አለበት። አንድ ፕሮሰሰር ሁለቱንም ፋኖች ስለማይቀበል ቢያንስ ዋቱ እኩል ይሁን፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ላይ ሁለቱንም ፕሮሰሰሮች 65 ዋት ላይ ገድቧቸው። ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ዝጉ፣ የፋኑን አውቶማቲክ አጥፉ፣ ፕሮሰሰሩን ሙሉ ሥራ ስጡት፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሁለቱም ለምሳሌ 80 ዲግሪ ላይ እስኪረጉ ዙሩን አስተካክሉ። ከዚያ በ50 ሳንቲ ሜትር ለኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ክፍሉን ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ካነሰ ልኬቱን ጣሉት፤ የለካችሁት ክፍሉን ነው። ከ10 ከበለጠ እንዳለ ተቀበሉት። የስልክ መተግበሪያ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ ሁለት ፋን ለማወዳደር ያገለግል ይሆናል፤ ቁጥሩን ግን ከፋብሪካው ቁጥር ጋር አታስተያዩት።

ዲቢኤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» የምትለዋ ፊደልም ዝም ብላ የተለጠፈች አይደለችም። ወፍራሙን ድምፅ ትቀንሳለች፤ 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) ላይ 19 ዴሲቤል ያህል። ሰባት ክንፍ ያለው ፋን በደቂቃ 2400 ሲዞር ጉርምርምታው 280 ኸርዝ ላይ ያርፋል፤ እዚያ 8 ገደማ ይቆረጥለታል። የሚዋዥቅ ፋንም በአማካይ ቁጥሩ ጨዋ ይመስላል፤ ባዮስ ላይ የፍጥነት መጨመሪያውን በጥቂት ሰከንድ ማዘግየት ግን ከሁለት ዴሲቤል የበለጠ ያሳርፋል።

ማንም ባይጠይቅም፦ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዙር የሚገፋው መጠን ያው ቢሆንም ሙቀት ተሸካሚው አየር ያነሰ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ በ1800 ዙር 80 ዲግሪ የያዘ ፋን፣ እዚህ ያንኑ ለመያዝ ከዚያ በላይ ይዞራል፤ የተለካበት ድምፅም አብሮ ይለወጣል።