ከሥራ መዛል ለማገገም የሚወሰድ ዕረፍት ምንድን ነው?

«ሥራ ያዛለው ሰው አንድ ሳምንት አንኮበር ወጥቶ አየር ቀይሮ ቢመለስ ይሻለዋል» የሚል ምክር በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ምክሩን በቅርቡ የሰጡት አስተያየት ሰጪ በጎ አሳቢ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ደብረ ብርሃን ላይ በምክር አገልግሎት እንደሚሠራ ባለሙያ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ በርንአውትን፣ ማለትም ይህንኑ የሥራ መዛል፣ የገለጸው በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ ከቆየና መላ ካልተበጀለት ጫና የሚመጣ ክስተት አድርጎ እንጂ በሽታ ብሎ አይደለም። መገለጫዎቹም የጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራን በሐሳብ መሸሽ ወይም መጥላት፣ የሥራ ውጤት መቀነስ ናቸው። በጥብቅ ከተናገርን ይህ ትርጓሜ የእድርንና የማኅበርን ኃላፊነት አይጨምርም፤ ሸክሙን የሚሸከመው ግን ያው አንድ ሰው ነው።

አስተያየት ሰጪው የሳቱት ዕረፍትን የቦታ ለውጥ አድርገው መቁጠራቸው ላይ ነው። በመንዝና በተጉለት ደጋ ገበሬው ገብስ ሲያበቅልበት የኖረውን ማሳ ያሳርፋል። እንዲያርፍ የተተወው ማሳ ግን ከብት ያለ ልክ ከተሠማራበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ አንኮበር ተቀምጦ የእድሩን ሒሳብ በስልክ የሚያስታርቅ ጸሐፊም እንዲሁ አላረፈም። ማሳው ተዳፋት ሆኖ እርከን ካልተሠራለት ባልታረሰበት ዓመትም ጎርፍ አፈሩን ያጥበዋል፤ ሰውም ሥራውን ማን እንደያዘለት ሳያውቅ ከሄደ በሌለበት የሚከማቸው ጉዳይ ሐሳቡን ሲሸረሽረው ይከርማል። ያረፈው መሬት ላይ ከባቄላ ጋር ሳይፈራረቅ ገብስ በገብስ ላይ ቢዘራ ደግሞ የተገኘው ለምነት አይቆይም። የዕረፍት ጥቅም ወደ ነበረው ጫና በተመለሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚከስም ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩትም ይህንኑ ነው።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ መሬት እንደ ሰው ኃላፊነት ሲሰጠው «እሺ» አይልምና። በእኛ አካባቢ ከማስተማር ሥራው በተጨማሪ የእድር ጸሐፊ፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባልና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ የሆነ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከእድር ጸሐፊነት ግን ፈቃድ የሚሰጥ አዋጅ የለም። ስለዚህ ማረፍ የሚጀምረው ሰብሳቢውን ቀርቦ «እስከ ፋሲካ መዝገቡን ሌላ ሰው ይያዝልኝ» ብሎ በመናገርና በማስረከብ ነው። ይህን ማለት በታላላቆች ፊት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ብዙዎችም ከዚህ ይልቅ ጉዞውን የሚመርጡት ለዚህ ይመስለኛል። ሆኖም ሰው ሁሉ የሚተማመንበት ጸሐፊ ጨርሶ ከመውደቁ በፊት ለጥቂት ወራት መተካቱ ለእድሩም ይበጀዋል።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ጉዳይ አለ። የሚያደክም ሁሉ የሥራ ጫና አይደለም፤ ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስም ሰውን ያዝላሉ፤ እነዚህ የሚለዩት በደም ምርመራ ነው። ሐዘኑ ወይም የደስታ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ የዘለቀበት፣ በተለይም መኖርን የጠላ ሰው፣ ድባቴ የተባለው የአእምሮ ሕመም ሊሆንበት ስለሚችል ዕረፍት ይበቃዋል ብሎ ማቆየት አደገኛ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ያረፈው ሰው ሲመለስም ሁሉንም ኃላፊነት በአንድ ቀን መረከብ የለበትም። በመጀመሪያ መደበኛ ሥራውን ብቻ ይያዝ፤ እንቅልፉና ለሥራው ያለው ፍላጎት መመለሱን ለጥቂት ሳምንታት ካየ በኋላ ከቀሩት መካከል አንዱን ይጨምር፤ የቀረውን ደግሞ ለተተኪው በቋሚነት ይተውለት።